ታሪክ ያጠናም ሐኪም ይሆናል፦ «ልጃችሁን ከባዮሎጂ አታስወጡት» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በአሜሪካ በሚኖሩ ሐበሻ ወላጆች መካከል ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ርዕሱ «ልጃችሁን ከባዮሎጂ አታስወጡት» ይላል። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ሐኪም መሆን የሚፈልግ ልጅ ኮሌጅ ሲገባ ሜጀሩን (ዋና የትምህርት ዘርፉን) ባዮሎጂ ወይም ኬሚስትሪ ያድርግ፤ ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ ኢኮኖሚክስ፣ ሶሲዮሎጂ ወይም ቋንቋ ከመረጠ በሩን በገዛ እጁ ዘግቷል። ጸሐፊው ለዚህ ስድስት ምክንያት አቅርበዋል፤ ከታች በጥቅስ ርዕስ የሆኑት እነሱ ናቸው። ለልጆቹ አስበው እንደጻፉት ያስታውቃል፤ አንዳንድ ቦታም ልክ ናቸው። መደምደሚያቸው ግን ስሕተት ነው። አምኖ የሚከተለው ቤተሰብ ደግሞ ዋጋውን የሚከፍለው በገንዘብም በዓመትም ነው።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። አገር ቤት ተማሪ 11ኛ ክፍል ሲገባ ወይ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይ ማኅበራዊ ሳይንስ ብሎ ይለያል፤ «ሶሻል» ገባ ከተባለ የሕክምና ነገር እዚያው አበቃ። በ2004 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪ ላላቸው ሰዎች የተከፈተው አዲሱ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም እንኳ የተቀበለው ከተፈጥሮ ሳይንስና ከጤና ዘርፍ የተመረቁትን ነው። እዚያ ላደገ ወላጅ «ታሪክ አጥንቼ ሐኪም እሆናለሁ» የሚል ልጅ ቢያሾፍ እንጂ የምሩን አይመስልም። አሜሪካ ውስጥ ግን ሕክምና ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የሚገባበት የአራት ዓመት ትምህርት ነው። «ፕሪ-ሜድ» የሚባለውም በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሜጀር አይደለም፤ የትኛውም ሜጀር ላይ ተደርቦ የሚወሰድ የኮርሶች ዝርዝር ነው። የጽሑፉ ችግር የሚጀምረው እነዚህን ሁለት አሠራሮች ከማደባለቁ ነው።

«የቅበላ ኮሚቴው ሜጀሩን አይቶ ይጥለዋል»

ጸሐፊው ማስረጃ ያደረጉት የሕክምና ተማሪዎች አብዛኞቹ ባዮሎጂ ያጠኑ መሆናቸውን ነው። እውነት ነው፤ አብዛኞቹ አመልካቾችም ባዮሎጂ ያጠኑ ናቸውና። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር በየዓመቱ አመልካቾችንና የገቡትን በሜጀር ለይቶ ሠንጠረዥ ያወጣል። ከአመልካቾቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከባዮሎጂ ዘርፍ ናቸው፤ ሰብአዊ ሳይንስ (ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ ቋንቋና የመሳሰሉትን) ያጠኑት ከመቶ ጥቂቶች ብቻ ናቸው። መታየት ያለበት ግን የገቡት ብዛት ሳይሆን ካመለከቱት ውስጥ ስንቱ ገባ የሚለው ነው። በዚህ ሲለካ የሰብአዊ ሳይንሶቹ የመግባት ምጣኔ ከባዮሎጂዎቹ አያንስም፤ በቅርብ ዓመታት እንዲያውም በጥቂት ነጥብ በልጦ ይታያል።

ይህን ቁጥር ይዞ «እንግዲያውስ ታሪክ ይሻላል» ማለትም ልክ አይደለም። ታሪክ እያጠና ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የሚወስድ ተማሪ ነገሩን አስቦበት የገባ ነው፤ የሳይንስ ውጤቱ ያልሆነለት ደግሞ ማመልከቻ ሳይሞላ ሐሳቡን ይቀይራል። ስለዚህ ሠንጠረዡ ላይ የሚቀሩት የተጣሩት ናቸው። ቁጥሩ የሚያረጋግጠው ሜጀር ብቻውን ሰው እንደማይጥል ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ጆንስ ሆፕኪንስን የመሰለ ትምህርት ቤት ለዓመታት ከአመልካቾቹ ከሳይንስ ኮርሶቹ ጎን 24 ክሬዲት የሰብአዊና የማኅበራዊ ሳይንስ ትምህርት ሲጠይቅ መኖሩንም ጸሐፊው አላነሡም።

«ሳይንስ ያላጠና ኤምካትን አያልፍም»

በመጀመሪያ ኤምካት፣ ማለትም የሕክምና ትምህርት ቤቶች የመግቢያ ፈተና፣ ማለፍና መውደቅ የሚባል ነገር የለውም። ውጤቱ ከ472 እስከ 528 ነው፤ በቅርብ ዓመታት ወደ ሕክምና ትምህርት የገቡት አማካይ 511 እና 512 አካባቢ ነው። ዋናው ጥያቄ ፈተናው ምን ይጠይቃል የሚለው ነው፤ ጽሑፉም በጣም የሳተው እዚህ ላይ ነው።

ፈተናው አራት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ከ118 እስከ 132 ይታረማል። የባዮሎጂና የባዮኬሚስትሪው ክፍል 59 ጥያቄ ነው፤ ከዚህ ውስጥ 65 በመቶ ያህሉ የመግቢያ ባዮሎጂ፣ 25 በመቶው የመጀመሪያ ሴሚስተር ባዮኬሚስትሪ፣ የቀረው አጠቃላይና ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ነው። የኬሚስትሪና የፊዚክሱ ክፍልም 59 ጥያቄ ነው፦ 30 በመቶ አጠቃላይ ኬሚስትሪ፣ 25 በመቶ ፊዚክስ፣ 25 በመቶ ባዮኬሚስትሪ፣ 15 በመቶ ኦርጋኒክ፣ 5 በመቶ ባዮሎጂ። ሦስተኛው ክፍል፣ አሁንም 59 ጥያቄ፣ 65 በመቶ ሳይኮሎጂ፣ 30 በመቶ ሶሲዮሎጂ፣ 5 በመቶ ባዮሎጂ ነው።

«የመግቢያ» እና «የመጀመሪያ ሴሚስተር» የሚሉት ቃላት ይሰመርባቸው። የባዮሎጂ ሜጀር ተማሪ ሦስተኛና አራተኛ ዓመቱን የሚያሳልፍባቸው ሥነ-ምህዳር፣ የዕፅዋት ጥናት፣ ዝግመተ ለውጥ፣ ከፍተኛ የዘረ-መል ትምህርት በፈተናው ላይ ቢመጡም በጭላጭ ነው። ፈተናው የሚያርፈው ባዮሎጂውም፣ ታሪክ ተማሪውም፣ ኢኮኖሚስቱም በወሰዷቸው ተመሳሳይ ኮርሶች ላይ ነው። ፊዚክሱን የባዮሎጂ ሜጀር ከማንም የተሻለ አይማረውም፤ ሦስተኛው ክፍል ላይ ደግሞ የሶሲዮሎጂ ተማሪ ቀድሞ ይነሣል።

አራተኛው ክፍል በተለምዶ ካርስ የሚባለው የንባብና የትንተና ፈተና ነው። 9 ምንባብ፣ 53 ጥያቄ፣ 90 ደቂቃ፤ ለአንድ ምንባብ ከነጥያቄዎቹ 10 ደቂቃ መሆኑ ነው። ምንባቦቹ ከፍልስፍና፣ ከታሪክ፣ ከሥነ-ጥበብ፣ ከፖለቲካ፣ ከኢኮኖሚ ይወጣሉ። ከምንባቡ ውጪ የሚፈለግ እውቀት የለም፤ ስለዚህ ሸምድዶ የሚገባበት ሰው የለም። ጥያቄው «ጸሐፊው ምን አለ?» ብሎ አያቆምም፤ «በሦስተኛው አንቀጽ የተጠቀሰው ተቃውሞ እውነት ቢሆን የጸሐፊው ክርክር የትኛው እግሩ ይሰበራል?» ይላል። በ14 እና በ15 ዓመቱ ከአገር ቤት የመጣ ወይም ቤቱ ውስጥ በአማርኛ ብቻ የሚነጋገር ልጅ ሌሎቹን ሦስት ክፍሎች አጥንቶ ሲያነሣ ይህኛው አልነቃነቅ የሚለው ለዚህ ነው። ከባዮሎጂ መማሪያ መጽሐፍ መረጃ መልቀም ይለመዳል፤ የሰው ክርክር እየበለቱ ማንበብ ግን የሚለመደው በየሳምንቱ አንድ ሁለት መቶ ገጽ አንብቦ በሴሚናር ሲሟገቱ ነው። ይህ ማለት የታሪክ ተማሪ ካርስን ተኝቶ ይሠራዋል ማለት አይደለም። በሰዓት የተለማመደ ካልሆነ እሱም አምስተኛው ምንባብ ላይ ጊዜው ያልቅበታል።

ሳይንስ ያልሆነ ሜጀር ያለውን ተማሪ ኤምካት ላይ የሚጎዳው ሌላ ነገር ነው፤ መራራቅ። አጠቃላይ ኬሚስትሪን አንደኛ ዓመት ጨርሶ ፈተናውን አራተኛ ዓመት ላይ የሚወስድ ተማሪ በመካከል ቀመሩን ሁሉ ረስቶታል። የባዮሎጂ ተማሪ ሳያስበው በየሴሚስተሩ ይከልሰዋል። መድኃኒቱ ፈተናውን ባዮኬሚስትሪ ባለቀ በጥቂት ወራት ውስጥ ማድረግና ከዚያ በፊት ሦስት ወር ያህል በሳምንት ቢያንስ 20 ሰዓት ይዞ መከለስ ነው። «እስቲ ልሞክረው» ብሎ መቀመጥም አይገባም፦ በአንድ ዓመት ከ3 ጊዜ፣ በሁለት ተከታታይ ዓመት ከ4 ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ ከ7 ጊዜ በላይ አይፈቀድም፤ ተመዝግቦ መቅረትም እንደ አንድ ሙከራ ይቆጠራል።

«አራት ዓመት ለሁለቱም አይበቃም»

ይህን በክሬዲት ማስላት ይቻላል። ባዮሎጂ ሁለት ሴሚስተር ከነላቡ (ከነላቦራቶሪ ክፍለ ጊዜው) 8፣ አጠቃላይ ኬሚስትሪ 8፣ ኦርጋኒክ 8፣ ፊዚክስ 8፣ ባዮኬሚስትሪ 3፤ ድምር 35። ስታቲስቲክስ 3፣ ሳይኮሎጂ 3፣ ሶሲዮሎጂ 3፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ 6 ሲጨመር 50 ይሆናል። የታሪክ ሜጀር በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከ30 እስከ 36 ክሬዲት ነው። ሁለቱ ተደምረው ቢበዛ 86፤ ዲግሪው የሚጠይቀው ደግሞ 120። የቀረው 34 ክሬዲት ለአጠቃላይ ትምህርት ግዴታ፣ ማለትም ማንኛውም ተማሪ ሜጀሩ ምንም ይሁን ለሚወስዳቸው ኮርሶች፣ ነው፤ ከዚያም የተፈጥሮ ሳይንሱ፣ የሒሳቡ፣ የጽሑፉና የማኅበራዊ ሳይንሱ ድርሻ ከላይ በተቆጠሩት ኮርሶች ተሸፍኗል። ቦታ አለ፤ ይተርፋልም።

ጸሐፊው መናገር የነበረባቸው፣ ያልተናገሩት፣ ችግሩ ከብዛቱ ይልቅ ከቅደም ተከተሉ መሆኑን ነው። አጠቃላይ ኬሚስትሪ አንድ፣ አጠቃላይ ኬሚስትሪ ሁለት፣ ኦርጋኒክ አንድ፣ ኦርጋኒክ ሁለት፣ ባዮኬሚስትሪ፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይከፈትም። ይህ ሰንሰለት በመደበኛው ሴሚስተር አምስት ሴሚስተር ይፈጃል። አንደኛ ዓመት መጸው ላይ የጀመረ ሦስተኛ ዓመት መጸው ላይ ባዮኬሚስትሪን ይጨርሳል፤ ፊዚክሱን በዚያው ዓመት አጣምሮ በሚቀጥለው ጸደይ ኤምካት ይፈተናል፤ ጁን ላይ ማመልከቻውን ያስገባል፤ እንደተመረቀ በዚያው ክረምት ሕክምና ይጀምራል። ሁለተኛ ዓመት ላይ የጀመረ ግን ባዮኬሚስትሪው የሚያልቀው አራተኛ ዓመት መጸው ላይ ስለሆነ የሚያመለክተው ተመርቆ ነው፤ በመካከል አንድ ዓመት ያርፋል። ነውር የለውም፤ ዛሬ ከሚገቡት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ዓመት ቆይተው የሚገቡ ናቸው። ቤተሰቡ ግን ቀድሞ ማወቅ አለበት።

ስለዚህ አንደኛ ዓመት የሚገባ ልጅ ሜጀሩን ገና ባይወስን እንኳ አጠቃላይ ኬሚስትሪን መጸው ላይ ይጀምር። ከባዮሎጂም ከፊዚክስም ይህኛው ነው ሰንሰለቱን የሚይዘው።

ሰንሰለቱ የሚበጠስባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። አንዱ የኮርስ ስም ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓይነት ባዮሎጂና ሁለት ዓይነት ኬሚስትሪ ይሰጣል፤ አንዱ ለሳይንስ ተማሪዎች፣ ሌላው «ኬሚስትሪና ኅብረተሰብ» ዓይነት ስም ያለው፣ ለአጠቃላይ ትምህርት ግዴታ ብቻ የሚሆን። የታሪክ ክፍሉ አማካሪ ሁለተኛውን ቢያስመዘግበው የተሳሳተ ነገር አላደረገም፤ ለምረቃው ይቆጠርለታልና። ለሕክምና ትምህርት ቤት ግን አይቆጠርም፤ ወደ ኦርጋኒክም አያስገባም። ምልክቱ፦ ላብ የሌለው ወይም ለኦርጋኒክ ቅድመ ሁኔታ ተብሎ ያልተጻፈ ኬሚስትሪ ከሆነ አይደለም። ፊዚክስ ላይ ግን ተቃራኒው ነው፤ ካልኩለስ የማይጠይቀው ፊዚክስ ለአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ይበቃል።

ሌላው ወንበር ነው። ባዮኬሚስትሪና ፊዚዮሎጂ ላይ ምዝገባ ሲከፈት ቅድሚያ የሚሰጠው ለዚያው ክፍል ሜጀሮች ነው። የታሪክ ተማሪው ተራው ሲደርስ ሞልቶ ያገኘዋል። ምዝገባው ከመከፈቱ ሳምንታት በፊት ለክፍሉ ጸሐፊ ወይም ለመምህሩ ኢሜይል ጽፎ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ይህን ሳያደርግ አንድ ሴሚስተር የከሰረ የማመልከቻ ዓመቱን ነው የከሰረው። ላብም እንዲሁ፤ አንዱ ላብ ከሰዓት በኋላ ሦስትና አራት ሰዓት ይይዛል፤ የከፍተኛ ዓመት ሴሚናሮችም ብዙ ጊዜ በዚያው ሰዓት ናቸው። ቋንቋ የሚያጠና ተማሪ ደግሞ ውጭ አገር የሚማርበትን ሴሚስተር ከኦርጋኒክ አንድና ሁለት መካከል ካስገባው፣ ኦርጋኒክ ሁለት ጸደይ ላይ ብቻ በሚሰጥበት ኮሌጅ አንድ ሙሉ ዓመት ይጠብቃል። ከባዮኬሚስትሪ በኋላ ወይም በክረምት ይሂድ።

ክረምት ላይ ኮርስ መጨረስም ይቻላል፤ ግን የትኛውን? ፊዚክስ ይሁን። ሁለት ሴሚስተር ኦርጋኒክን በ8 እና በ10 ሳምንት ጨፍልቆ መውሰድ ውጤት የሚበላሽበት ዋና ቦታ ነው፤ ለማሰላሰል እንኳ ቀን የለም፣ በየሳምንቱ ፈተና ነው።

በሩ ተዘጋ ለሚለው ደግሞ፦ ሳይንስ ሳይነካ ተመርቆ በኋላ ሐሳቡን የቀየረም መንገድ አለው። ፖስት-ባክ የሚባሉ፣ ለእንዲህ ያሉ ተመራቂዎች ብቻ የተዘጋጁ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሜሪላንድ ውስጥ ጋውቸር ኮሌጅና ጆንስ ሆፕኪንስ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ብሪን ማር ለረጅም ጊዜ ሰጥተውታል። አንድ ዓመት ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ ቅድመ ሁኔታዎቹን በሙሉ ያስጨርሳሉ። ውድ ናቸው፤ ኮርሶቹን እንደ አቅም አንድ በአንድ በስቴት ዩኒቨርሲቲ መውሰድም ይቻላል።

«ቀላል ትምህርት መርጦ ጂፒኤ ማሳመር ነው»

ይህ ክስ የማመልከቻውን አሠራር ካለማወቅ የመጣ ነው። በአምካስ፣ ማለትም አብዛኞቹ የኤም.ዲ. (የሕክምና ዶክተርነት) ትምህርት ቤቶች በሚጠቀሙበት የጋራ ማመልከቻ፣ ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) አንድ ሆኖ አይቀርብም። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ሒሳብ ተለይተው ለብቻቸው ይሰላሉ፤ በመጀመሪያ ፊደሎቻቸው ቢ-ሲ-ፒ-ኤም ይባላል። የቀረው ሁሉ በሌላ ረድፍ ይሰላል፤ ከዚያ አጠቃላዩ ይመጣል። ሳይንሱን በታሪክ ውጤት የሚሸፍን ሰው የለም፤ ኮሚቴው ሁለቱን ጎን ለጎን ያያቸዋል።

እንዲያውም አደጋው በተቃራኒው በኩል ነው፤ ጸሐፊው ቢያነሡት ኖሮ ጠንካራው ነጥባቸው ይሆን ነበር። የታሪክ ተማሪ የሳይንስ ክሬዲቱ ትንሽ ስለሆነ እያንዳንዱ ውጤት ይከብድበታል። ቅድመ ሁኔታዎቹና ስታቲስቲክስ 38 ክሬዲት ናቸው እንበል። ሁሉን ኤ አግኝቶ ባለ 4 ክሬዲቱ ኦርጋኒክ አንድ ላይ ሲ ቢያገኝ የሳይንስ ጂፒኤው 3.79 ይሆናል። 76 የሳይንስ ክሬዲት ያለው የባዮሎጂ ተማሪ ያንኑ አንድ ሲ ቢያገኝ 3.89 ላይ ይቆማል። በሌላ በኩል ያ የባዮሎጂ ተማሪ የመጀመሪያውን 38 ክሬዲት በሙሉ ኤ አግኝቶ፣ የተጨማሪው 38 ክሬዲት አማካዩ ቢ ፕላስ ቢሆን ወደ 3.65 ይወርዳል። ከፍተኛ የባዮሎጂ ኮርስ መጨመር ውጤቱን ሊያረጋጋውም ሊያወርደውም ይችላል፤ የሚወስነው ልጁ ትምህርቱን መውደዱ ነው። ሳይወደው «ይጠቅመኛል» ብሎ የሚገባበት ሰው ወደ ሁለተኛው ይቀርባል።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትባቸው ነገሮች አሉ። ፐብሊክ ሄልዝና ነርሲንግ ጤና ስለሆኑ «ሳይንስ» ይመስላሉ፤ በአምካስ አመዳደብ ግን የጤና ሳይንስ በሚባል ሌላ ረድፍ ነው የሚገቡት፣ ለቢ-ሲ-ፒ-ኤም አይቆጠሩም። ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂም አይቆጠሩም። ስታቲስቲክስ ግን በሒሳብ ይመደባል፤ ሚዛኑ የኮርሱ ይዘት ስለሆነ በኢኮኖሚክስ ክፍል የተሰጠ ስታቲስቲክስም ሊቆጠር ይችላል። ተደግሞ የተወሰደ ኮርስ የድሮውን ውጤት አያጠፋም፤ ዩኒቨርሲቲው ቢሰርዘውም አምካስ ሁለቱንም ያሰላል። በሃይስኩል ሳሉ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የተወሰዱ የኮሌጅ ኮርሶችም ይቆጠራሉ፤ 16 ዓመቱ ላይ በቸልታ የተገኘ ሲ ማመልከቻው ላይ ይወጣል። ይህን የሰማ ወላጅ ብዙ አላየንም።

«ባዮሎጂ ቢያንስ መጠባበቂያ ነው»

ለምን ዓይነት ሥራ? በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ የሚገኘው በአመዛኙ የላቦራቶሪ ረዳትነትና መሰል ሥራ ነው፤ ከዚያ ለማለፍ ተጨማሪ ትምህርት ያስፈልጋል። ታሪክም በዚህ ረገድ አይሻልም፤ ማስመሰል አያስፈልግም። መጠባበቂያ የሚያሳስበው ቤተሰብ መጠየቅ ያለበት ፈቃድ ወይም ተፈላጊ ሙያ ስለሚሰጥ ትምህርት ነው፦ ነርሲንግ፣ የሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ፣ አካውንቲንግ፣ ኮምፒዩተር ሳይንስ። ሁለቱ የመጨረሻዎቹ ደግሞ ጸሐፊው «በሩን ይዘጋሉ» ካሏቸው ጋር የሚቆጠሩ ናቸው።

«ቢገባም እዚያ ይቸገራል»

በመጀመሪያዎቹ ወራት እውነት አለው። ባዮኬሚስትሪውንና ፊዚዮሎጂውን ከዚህ በፊት በሰፊው ያየ ሰው ትንፋሽ ያገኛል፤ አዲስ የሆነበት ሌሊቱን ያስረዝማል። ከዚያ በኋላስ? ኒው ዮርክ የሚገኘው የማውንት ሳይናይ የሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሰብአዊና የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎችን ገና ኮሌጅ ሳሉ እየመረጠ፣ ኤምካት ሳያስፈትን፣ የተለመደውን ኦርጋኒክና ፊዚክስም ሳይጠይቅ ሲቀበል ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 አካዳሚክ ሜዲስን በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት 85ቱን ከ606 መደበኛ ተማሪዎች ጋር አወዳድሮ ነበር። በመጀመሪያው ብሔራዊ የፈቃድ ፈተና ጥቂት ዝቅ ብለዋል፤ በመካከል ትምህርት አቋርጦ እረፍት መውሰድም በእነሱ ላይ በዝቶ ታይቷል። በሆስፒታል ልምምድ ውጤታቸው ግን ከሌሎቹ ጋር እኩል ነው። እነዚህ ኦርጋኒክ እንኳ ያልተጠየቁ ናቸው፤ እኛ የምንነጋገርበት ተማሪ ሁሉንም ቅድመ ሁኔታ የወሰደ ነው። ያ የመጀመሪያው ፈተና ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በነጥብ መታረሙ ቀርቶ ማለፍና መውደቅ ብቻ ሆኗል።

ስጋቱን መቀነስ የሚፈልግ ተማሪ ከቅድመ ሁኔታዎቹ በላይ ፊዚዮሎጂና የሕዋስ ባዮሎጂ ይጨምር። ሁለት ኮርስ ነው፤ ሜጀር መቀየር አያስፈልገውም።

ጸሐፊው ያላነሡት አንድ እውነተኛ ችግር ግን አለ፤ የድጋፍ ደብዳቤ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ከሁለት የሳይንስ መምህራንና ከአንድ የሌላ ትምህርት መምህር ደብዳቤ ይጠይቃሉ። የታሪክ ተማሪ ሦስተኛውን ከ15 ሰው ሴሚናር በቀላሉ ያገኛል፤ የሚያውቀው መምህር ስለሆነም ደብዳቤው ሥጋ ይኖረዋል። የሳይንሶቹ መምህራን ግን 300 ተማሪ ባለበት አዳራሽ ነው የሚያስተምሩት፤ ልጁም ኮርሱን ጨርሶ ወደ ታሪክ ክፍሉ ይመለሳል። ስለዚህ ከአንድ መምህር ሁለት ኮርስ መውሰድ፣ በቢሮ ሰዓት ጥያቄ ይዞ መሄድ፣ ኤ ካገኘ በሚቀጥለው ዓመት ለዚያው ኮርስ የተማሪ ረዳት ሆኖ መሥራት ያስፈልገዋል። ደብዳቤውንም የሚጠይቀው ኮርሱ ባለቀ ሰሞን ነው፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ቢመጣ መምህሩ ፊቱን አያስታውስም።

ትምህርት ቤቶቹ ከአመልካች የሚፈልጉት ከበሽተኛ ጋር መዋልም ሜጀር አይጠይቅም። አማርኛ አቀላጥፎ ለሚናገር ተማሪ ቅርቡ በር የሕክምና አስተርጓሚነት ነው። ዕድሜው 18 የሞላ፣ 40 ሰዓት ሥልጠና የወሰደ ሰው ለብሔራዊ የምስክር ወረቀት ፈተና መቀመጥ ይችላል፤ ሆስፒታሎችም ብዙ ጊዜ ያንኑ 40 ሰዓት ነው የሚጠይቁት። ክፍሉ ውስጥ ሐኪሙ ሲጠይቅ፣ እናትየው «ልቤን ያፍነኛል» ስትል፣ መካከል ቆሞ መስማት ነው ሥራው። አያቱን ክሊኒክ ወስዶ ማስተርጎሙ ግን እንደ ሥራ ልምድ አይጻፍለትም፤ ሆስፒታሎችም የቤተሰብ አስተርጓሚን አይፈልጉም።

ጽሑፉ የሚያበቃው «ሌላ ሜጀር የመረጠ ልጅ ካላችሁ ሳይረፍድ አስቀይሩት» በሚል ምክር ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ ወደ ባዮሎጂ የሚዛወር ተማሪ ከቅድመ ሁኔታዎቹ በላይ የክፍሉን ከፍተኛ ኮርሶች ከነላባቸው በሦስትና በአራት ሴሚስተር ማጨቅ አለበት፤ ኤምካት የሚያጠናበት ጸደይ ላይ ሁለት ላብ ይገጥመዋል፤ ወይም አምስተኛ ዓመት ይከፈልለታል። ይህን ከመወሰን በፊት ልጁ ሦስት ወረቀት ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲው የጤና ሙያ አማካሪ ቢሮ ይሂድ፤ ወደ ሜጀሩ አማካሪ አይደለም። አንደኛው እስከ ምረቃ በየሴሚስተሩ የሚወስዳቸው ኮርሶች፣ ሁለተኛው የሜጀሩ ግዴታዎች፣ ሦስተኛው የራሱ ስቴት የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚጠይቁት ዝርዝር። የሚጠይቃቸውም፦ ባዮኬሚስትሪ በየትኛው ሴሚስተር ይሰጣል፣ ለሌላ ሜጀር ስንት ወንበር ይለቀቃል፣ ኮሌጁ የኮሚቴ ደብዳቤ (በኮሌጁ ስም የሚጻፍ የድጋፍ ደብዳቤ) ይጽፋል ወይ፣ ከጻፈስ ደብዳቤውን ለማግኘት የሚሞላው ማመልከቻ በየትኛው ወር ይዘጋል።